ወገብ የሚደርስ ጓሮ

አባቴ እኛ ቤት የመጡት ሊኖሩ አልነበረም፤ ጉልበታቸው እስኪሻላቸው ነው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ የያዙት የጸሎት መጽሐፋቸውን፣ መስቀላቸውን፣ አንድ ጋቢና የሚመረኮዙበትን ዘንግ ብቻ ነበር። “የቀረው ዕቃዎስ የት አለ?” ብላቸው፣ “ዕቃማ ቤቱ ተቀምጧል፤ ልመለስ አይደል እንዴ?” አሉኝና መንገዱን ሳላሳያቸው ቀድመውኝ መራመድ ጀመሩ። አቅጣጫው የተሳሳተ ነበር። ግን አባቴ ቄስ ናቸው፤ ሰው ሲከተላቸው እንጂ እሳቸው ሰው መከተል አልለመዱም። ጥቂት እንዲሄዱ ትቼ ነው የመለስኳቸው።

ቤታቸው ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ደብር ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እዚያ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ረጅም ሰዓት መቆም ሲከብዳቸው ቅዳሴውን ለወጣቶቹ ተዉ፤ ሞፈር መያዝ ሲያቅታቸው እርሻውን የወንድማቸው ልጅ እንዲያርሰው ሰጡ። የቀረቻቸው ከቤቱ ጀርባ ያለችው ጓሮ ነበረች፤ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ አንዳንዴም ለጉድ የሚያድግ ዱባ። በመጨረሻ ጉልበታቸው እሷንም ከለከላቸው። አንድ ቀን ጎንበስ ካሉበት መነሣት አቅቷቸው፣ መንገደኛ እስኪያልፍ ድረስ ጎመኑ መሃል ተቀምጠው ሲጸልዩ ዋሉ። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም። የወንድማቸው ልጅ ደውሎ ሲነግረኝ ነው መኪና ላይ አሳፍሮ እንዲልክልኝ የለመንኩት።

እኛ የምንኖረው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው። ቦታውን የመረጠው ባለቤቴ ነው። ባለቤቴ ግንበኛ ነው፤ ግንበኛ ቦታ ሲመርጥ ደግሞ የሚያየው ድንጋዩን ነው። የእኛ ግቢ እንኳን ጎመን አረምም በወጉ አይበቅልበትም። በዶማ ሲመቱት እሳት ይተፋል። እሱ ግን “እንደ እኔ መሠረት ሳይቆፍር ቤት የሠራ ይምጣ!” እያለ ይኩራራል። እኔ በረንዳው ላይ ልብስ እሰፋለሁ። አባቴ ጠዋት ጸሎታቸውን ሲያደርሱ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ምን እንደሚያደርጉት ግራ ይገባቸዋል።

ሥራ የለመደ እጅ ሲቦዝን ማየት እንዴት እንደሚያስጨንቅ ያወቅሁት ያኔ ነው። የወደቀ የጨርቅ ቁራጭ አንሥተው ክሩን አንድ በአንድ ይመዛሉ። ከሰፋሁት ልብስ ላይ የተንጠለጠለ ክር ካዩ ይለቅማሉ። አንድ ቀን እንደውም ትርፍ ክር መስሏቸው ጥልፍ ሲመዙ ደረስኩባቸው፤ የሙሽራ ቀሚስ ነበር። ስቄ እንደገና ጠለፍኩት። እራት ላይ ታዲያ “ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ” ይላሉ። በማግስቱም ያንኑ ይደግሙታል። እኔን ያስፈራኝ ጊዜውን ቆርጠው መናገራቸው ነው፤ አባቴ አንዴ ከአፋቸው የወጣውን አያጥፉም። እሳት ለማንደድ እንኳ ጎንበስ ማለት የማይችሉ ሰው በዚያ ባዶ ቤት ብቻቸውን ሲሆኑ ይታየኛል። “አይሂዱ” ብላቸው ደግሞ ፋሲካንም ሳይጠብቁ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ተጧሪ መባልን አይወዱም።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ደንበኛዬ ስልክ ነው። የምትፈልገውን የቀሚስ ሞዴል እንዳይ ስታቀብለኝ ጣቴ የማይነካውን ነካና ሌላ ቪዲዮ ተከፈተ። አንዲት ፀጉራቸው ነጭ የሆነ የውጭ አገር አሮጊት፣ ቢጫና ቀይ የረገፈ ቅጠል በጋሪ እየገፉ ወገባቸው ድረስ በሚደርስ ሣጥን ውስጥ ይጨምራሉ። ቀጥሎ ያው ቅጠል በስብሶ፣ እንደ ተወቀጠ ቡና ጠቁሮ ይታያል። ከዚያ ሴትዮዋ እዚያው ላይ ይተክላሉ። የሚናገሩት ቋንቋ አልገባኝም። የገባኝ ቆመው መትከላቸው ነው፤ አንድም ጊዜ ጎንበስ አላሉም። ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ደንበኛዬ “ኧረ ቀሚሴ!” ብላ ስልኳን ነጠቀችኝ።

ለባለቤቴ ስነግረው አሰብ አደረገና “ድንጋይ ሞልቷል። አፈሩንስ ከየት ታመጫለሽ?” አለኝ። እውነቱን ነው። በእኛ አገር ጎርፍ ያልወሰደው አፈር ይሳሳለታል። ሰው ምግቡን ያካፍልሃል፣ በሬውን ያውስሃል፤ ከማሳህ አንድ ጆንያ አፈር ስጠኝ ብትለው ግን ጤንነትህን ነው የሚጠራጠረው። “አፈር አይደለም፣ ቅጠል ነው” አልኩት። በቅጠል ማንም አይሰስትም። ጊዜው ደግሞ ጥቅምት ነበር፤ ብሳናው ቅጠሉን ብርቱካን እያስመሰለ ማርገፍ የጀመረበት፣ ዋንዛውም እነዚያን ሰፋፊ ቅጠሎቹን መንገድ ላይ የሚበትንበት። ለአባቴ ምንም ላንነግራቸው ተስማማን። ለእሳቸው ብለን እንደምንለፋ ካወቁ ነገሩ እዚያው ያበቃለታል።

ባለቤቴ ሲሠራ አያዳግተውም። ቁመቱ ወገብ የሚደርስ፣ ርዝመቱ ሰው የሚያስተኛ፣ ከላይ ክፍት የሆነ የድንጋይ መደብ ገነባ። ድንጋዩን ጠርቦ፣ ማዕዘኑን አስተካክሎ፣ አሳምሮ። ችግሩ ባለቤቴ ከቤት ግንባታ ሌላ የሚታወቅበት ሥራ መቃብር መሥራት መሆኑ ነው። እጁ የለመደውን ሠራ። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ ያማትቡ ጀመር። አባቴ ጠዋት ጠዋት ዘንጋቸውን ይዘው ዞር ዞር እያሉ ያዩታል። አንድ ቀን ዘንጋቸውን ጠርዙ ላይ አጋድመው ለኩና ባለቤቴን ጠሩት።

“አንተ ልጅ፣ ሥራህስ ደህና ነው። ግን ቁመቴን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እግሬ ውጭ ይቀራል እኮ።”

የባለቤቴ መዶሻ ከእጁ ወደቀ። “ኧረ አባታችን፣ የአበባ ነው! ልጅዎ አበባ ልትተክልበት ነው!” አለ እየተንተባተበ።

“አበባ” አሉ አባቴ። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ “ምነው ልጄ፣ ሰውየውን በከንቱ ታለፊዋለሽ?” አሉኝ። ሳቄን ለመደበቅ ጨርቅ የሌለበትን መኪና አስሮጥኩት።

ከዚያ ቅጠል መልቀም ያዝኩ። ማልዶ መጥረጊያና ጆንያ ይዤ መንገድ ዳር የምትታይ ልብስ ሰፊ ምን እንደምትባል ለመገመት አያስቸግርም። ባለቤቴ ሊያግዘኝ ብሎ አንድ ጆንያ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክሞ መጣ። “አንተ ሰው፣ ባሕር ዛፍ ሥር ምን ሲበቅል አይተህ ታውቃለህ?” ብዬ ለማገዶ አዋልኩት። የጎን ጎረቤቴ፣ ጠላ እየጠመቀች የምትሸጠው ጓደኛዬ፣ ግቢዋ ውስጥ ትልቅ ዋንዛ አላት፤ ምስጢሩን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ስለሆነ ቅጠሏን ሁሉ ለእኔ አደረገችው። ክምሩ ከመደቡ አጠገብ ከፍ እያለ ሄደ። ውሃ እያርከፈከፍኩ በአሮጌ ጆንያ ሸፈንኩት። ሲመሽ እጄን ሸጉጬ ሙቀቱን ስለካ ሊጥ የሚጠብቅ ሰው እመስል ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ያን ቀን አገሩ ሁሉ ከየግቢው ጉድፉን ጠርጎ፣ ከምሮ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን የሚባለው እሱ ነው። በሽታን በጭሱ ለማባረር ከአያቶቻችን የመጣ ልማድ ነውና የማያጥን ቤት የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔና ባለቤቴ ሚካኤልን የሚዘክሩ ወዳጆች ጋ ጎራ አልን፤ አባቴ “እናንተ ቆዩ” ብለው ቀድመው ወደ ቤት ገቡ። ተጋብዘን ስንወጣ ከተማው በጭስ ታፍኗል። ደስ እያለኝ ዳገቱን ስወጣ፣ አንዱ ጭስ ከእኛ ግቢ እንደሚነሣ አየሁ። ነጠላዬን አገልድሜ ሮጥኩ።

አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ፣ በዘንጋቸው እሳቱን ይቆሰቁሳሉ። ከጆንያው ቁራጭ በቀር ከክምሬ የተረፈ አልነበረም።

“መጣሽ? ይህን ሁሉ ጉድፍ ከምረሽ እንዴት ዝም ትያለሽ? እርጥብ ሆኖ አሳሬን አሳየኝ እንጂ!” አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ደረታቸውን ነፍተው፣ “ግን አሸነፍኩት!” አሉ።

ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ሥራ አግኝተው ነበር። ደግሞስ በኅዳር ሚካኤል የቅጠል ክምር ያየ ቄስ ከማቃጠል ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? “እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ” አልኳቸውና ቤት ገብቼ ትራሴን ነከስኩ። እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅሁ እኔም አልለየሁትም። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ “ድንጋዩን ግን አላቃጠሉትም” ሲለኝ ሳቁ አሸነፈ።

ጠዋት ጆንያዬን ይዤ ብወጣ ከተማው የታጠበ ይመስል ነበር። ቅጠል የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ ጠርጎ አጥኗል። ባዶ እጄን ስመለስ ጓደኛዬ በእኛ በር ገባች፤ አመዱን አየችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። “ውይ! ውይ! ለመምሬ ብለሽ የለፋሽበት ቅጠል!”

“ለማን?” አሉ አባቴ ከተቀመጡበት።

አፏን በእጇ ብትይዝም ጊዜው አልፏል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቪዲዮውን፣ መደቡን፣ ቅጠሉን፣ አበባ ያልናት ውሸት መሆኗን። አልተቆጡም። ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡና ወደ መደቡ ሄዱ። ቀጥ ብለው ቆመው ክርናቸውን ጠርዙ ላይ አሳረፉ፤ ቀጥለው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው እያንቀሳቀሱ አንድ ነገር የሚተክሉ መሰሉ። “ጎንበስ አያሰኝም” አሉ፤ ለራሳቸው ነው የተናገሩት። ቆይተው ደግሞ ወደ እኛ ዞሩ።

“አመዱን እንዳትደፉት። ለሽንኩርት ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ መሄዴ ባይቀርም እስከዚያ ሥራ ፈትቼ ምን አደርጋለሁ?”

ቅጠል የት ይገኛል የሚለው ነገር ነበር የቀረን። ጓደኛዬ “የደብሩ ግቢ ቅጠሉ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል፤ መምሬ ቢጠይቁ ማን ይከለክለናል?” አለች። አባቴ በዓይናቸው ገሠጿት። “የቤተ ክርስቲያን ቅጠል እዚያው ወድቆ እዚያው ነው የሚበሰብስ። ዛፎቹስ ምን ይብሉ?” አሉ። ለሌላው ቅጠል ግን የራሳቸውን ዘዴ ዘየዱ። አባቴ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ቀርቦ መስቀል ይሳለማል። ያሳልሙና፣ “እግዚአብሔር ይባርክሽ። ግቢሽ ውስጥ ዋንዛ አለ?” ይላሉ። ቀጣዩን ደግሞ፣ “እግዚአብሔር ይባርክህ። ያ ከበርህ ያለው ብሳና ቅጠሉ ረገፈ ወይስ ገና ነው?” ቄስ የጠየቀውን ማን እምቢ ይላል? ቅጠል በጆንያ፣ በዘንቢል፣ በአሮጌ አንሶላ ይጎርፍልን ጀመር። መምሬ መድኃኒት ሊቀምሙ ነው ተብሎም ተወራ፤ አንዲት ሴትዮ ቅጠሉን አስረክባ ስታበቃ፣ “ለወገብም ይሆናል?” ብላ ጠየቀቻቸው። “ለወገብማ ዋና ነው” አሏት። አልዋሹም።

አንድ ረድፍ ቅጠል፣ አንድ ረድፍ ፍግ፣ ላዩ ላይ አመዱን ነስነስ፤ ጓደኛዬ ደግሞ የጠላዋን አተላ አምጥታ ትደፋበታለች። ከአባቴ ጋር ያልተጨቃጨቅንበት ቀን አልነበረም። እኔ “በየጊዜው መገላበጥ አለበት፣ በቪዲዮ አይቻለሁ” እላለሁ፤ እሳቸው “ፍግ ተከድኖ ነው የሚበስል፤ ድስት ክዳኑን እየከፈትሽ ነው የምትሠሪ?” ይላሉ። እኔ አገላብጣለሁ፣ እሳቸው መልሰው ይከድናሉ። ማንኛችን ትክክል እንደሆንን እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ከጥምቀት በኋላ ስንከፍተው ግን ጥቁር፣ ፈርፋራ፣ የመጀመሪያ ዝናብ ሲወርድ የሚሸተውን የሚሸት ነገር ሆኖ አገኘነው። አባቴ አንድ እፍኝ ዘገኑና አሸተቱት። “ወይ ጉድ፣ አፈር ሠራን” አሉ። ጓደኛዬ እልል አለች፤ እኔም ተከተልኳት፤ መንገደኛ ቆሞ አየን።

መደቡ ውስጥ ከታች ገና ያልበሰበሰውን ቅጠልና ጭራሮ ሞላን፤ ከላይ ጥቁሩን አለበስነው። አባቴ ጎመን፣ ቆስጣና ነጭ ሽንኩርት ተከሉ፤ ቆመው፣ ቀጥ ብለው፣ ማንም ሳይደግፋቸው። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ እየተጫነ መደቡ ሲጎድል ደንግጠው ጠሩኝ፤ ከተረፈው እየጨመርን ሞላነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከዚያው የተቀጠፈ ጎመን በላን። አባቴ ሲቀምሱ ዓይናቸውን ጨፍነው “ጨው በዝቶበታል” አሉ፤ ጎመኑን ማመስገን ራሳቸውን ማመስገን ስለሆነባቸው ነው። ጠዋት ጠዋት የጾሙን ዜማ እያንጎራጎሩ መደቡን ሲዞሩ ስሰማ መርፌዬን አቆማለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የሰፋሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ባለቤቴ ሁለተኛ መደብ ሠራላቸው፤ “ይኸኛውን በቁመትዎ ልክ ነው የሠራሁት” ብሎ ቀለደባቸው፣ በዘንግ አባረሩት።

ስለ መሄድ ግን አላነሡም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ የምፈራውን መልስ የምሰማ መሰለኝ። ፋሲካ መጣ፣ ተፈሰከ፣ የበዓሉ ሰሞንም አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን የወንድማቸው ልጅ ከጋይንት ከች አለ። ለካ አባቴ ሲመጡ “ከፋሲካ በኋላ መጥተህ ውሰደኝ” ብለውት ኖሯል። የተባለውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ መጣ። ምሳ አቀረብኩለት።

ከምሳ በኋላ አባቴ ይዘውት ወደ መደቦቹ ሄዱ። ጎመኑን አሳዩት፣ አፈሩን አስዘገኑት፣ የቅጠሉን ታሪክ ከኅዳር ሚካኤል ጀምረው ነገሩት፤ ያቃጠሉትን ሲተርኩ ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። እሱም ወገቡን ይዞ ሳቀ። ሲያበቃ፣ “በሉ እንግዲህ ጋሼ፣ ነገ በጠዋቱ መኪና ብንሳፈር ነው የሚሻለው” አላቸው።

አባቴ ከጎመኑ ላይ አንድ ቢጫ ቅጠል ቀነጠሱ። “ሽንኩርቱ አልደረሰም” አሉ።

“ሲደርስ እሷ ትነቅለው የለ?”

“ውሃውንስ ማን ያጠጣል?”

የወንድማቸው ልጅ ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ ጠቆመ። “ልጅዎ አለች አይደል እንዴ?”

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ከተተከለ ጀምሮ ውሃውን በጀሪካን ከቦኖ ዳገቱን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ፤ የእሳቸው ሥራ በጣሳ ማርከፍከፍ ነው። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ቦኖ ላይ የሚሰለፈው ሰው ሁሉ ያውቃል። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ማንንም ለምነው አያውቁም። ያን ጊዜ ግን ዓይናቸው ለመነኝ።

“እሷ?” አሉ። “እሷ መርፌና ክር እንጂ ሌላ ምን ታውቃለች?”

“እውነታቸውን ነው” አልኩ ፈጠን ብዬ። “ለእኔ ከተተወ በሳምንቱ ነው የማደርቀው።”

የወንድማቸው ልጅ እኔንም እሳቸውንም አየና ፈገግ አለ። “ታዲያ ቤቱስ?” ብሎ ጠየቀ።

አባቴ መደቡን ተደገፉ። “ሚስትህንና ልጆችህን ይዘህ ግባበት። ቤት ያለ ሰው አይሆንም” አሉ። ከዚያ ጣሳቸውን አንሥተው ወደ እኔ ጮኹ፤ “አንቺ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ? ውሃ አምጪ እንጂ!”

ጀሪካኑን አንሥቼ ዳገቱን እየሮጥኩ ወረድኩ።